የአጫጫን ወግ

ሠላሳ አንድ ዓመት በግዲኒያ ወደብ ጭነት ስደረድር፣
ብረቱን ከሥር፣ ብርጭቆውን ከላይ፣ በልክ ሳሳድር፣
አንድ መርከብ እንኳ በእኔ አጫጫን ጥፋት አልዋጠብኝም ባሕር።
ታዲያ ይህ የሌሼክ፣ የሟች ወንድሜ፣ አሮጌ ኮምፒውተር
ምን ነካው? ጨዋታው ይከፈታል፤ ባሕር ይታያል፣ ጀልባ ይታያል፤
ሦስት ሳልቆጥር ድርግም ይላል።

«ሞዱ ነው፣ አክስት ቦጉሻ» አለኝ ክሳቬሪ፣ ከኖርዌይ ባሕር፣ ከነዳጅ ማማው፣
ነፋስ ድምፁን እየቀማው።
«አባቴ ጨዋታን እንደገዛው የሚተው ሰው መሰለሽ?
ይቀጥልበታል፣ ይጥፍበታል፤ ቁጠሪያቸው ካሻሽ፦
መቶ አርባ ሦስት ናቸው።
የዓሣ ዋጋ የሚያስተካክል፣ መልሕቅ የሚያሳምር፣ ለድመት ባርኔጣ የሚያጠልቅ፤
ሁሉንም በእጁ ነው ፎልደር ውስጥ የጠቀጠቃቸው።»

በእጅ! ያለ መዝገብ!
እኔ ጋ ቢሠራ በማግስቱ ነበር የማሰናብተው።

ሁለት ማኔጀር አስመረጠኝ።
አንዱ ጥድፊያ ነው፤ የሞዱን ዕቃ ጨዋታው ሆድ ውስጥ ዘርግፎት ይወጣል፤
ነገ አንዱን ላውጣ ያልሽ እንደሆነ ሌላው አብሮ ይነቀላል።
ሁለተኛው ቀሰስተኛ፣ መስኮቱ በሙሉ መነጽር የሚያስለውጥ ደቃቅ ጽሑፍ፤
ግን ዋናውን አይነካም፤ ሞዱን እንደ ሸራ ከላይ ይዘረጋል፣
ሸራው ሲገፈፍ ጨዋታው እንደተወለደ ይገኛል።
ይኼኛውን መረጥኩ።
በእኛ ሙያ፣ ማውረጃውን ያላሰበ አይጭንም።

ግማሹን አጠፋሁ፤ ተከፈተ። ሩቡን መለስኩ፤ ወደቀ።
የመጨረሻው ትሮሊባስ አለፈ፤ ሻዬ ቀዘቀዘ፤ ሌሊቱ ዘለቀ።
በስምንተኛው ዙር ያዝኩት፦ አንድ የመብራት ማማ፣ በሌላ ሞድ ትከሻ የቆመ፤
ያ ትከሻ የለም።
ካለበት አወረድኩት። (ወደብ ላይ ማውረድ ሸክም ማቅለል ነው፤
እዚህ ያወረዱትን ነው የሚጭኑት።) ማማው በራ፤ ባሕሩ ታከመ።

ከዚያ ቀይ ምልክት፤ ሁለት ሞዶች በአንድ ሰማይ ተጣሉ፤
«ዶፍ ዝናብ» እና «ዝናብ ይቅር» ይባላሉ።
«ሁለቱንም ተያቸው» አለ ልጁ ስቆ፤ «ጉልበቱን ሲያመው ያቀያይራቸው ነበር።
ሕጉ አንድ ነው፤ ከዝርዝሩ ግርጌ፣ መጨረሻ የተጫነ ይገዛል።
የፊተኛው አይጠፋም። ይሸፈናል።»

ስልኩን ዘጋሁ።
አይጠፋም። ይሸፈናል።

የሌሼክና የእኔ መጨረሻ፦ የአባታችን ጀልባ፣ የሽያጩ ወረቀት፣
«ፈረምሽ አይደል?» ማለቱ፤ «አንተስ መቼ ቀዘፍክባት?»
ማለቴ። ስድስት ዓመት ዝምታ። ከዚያ የሆስፒታል ጥሪ፣ ዘግይቼ የደረስኩበት።
ይህች የእኔ አንዲት ጥያቄ፣ ከሁሉ ኋላ ተጭና፣
ሃምሳ ዓመት ሸፈነች፦
በረዶው ሲከዳኝ በቀበቶው የጎተተኝን፣
ጫማውን ለኔ ሰጥቶ በካልሲ ቤት የገባውን፣
እናታችን ስትጠይቅ «ውሻ ወሰደው» ያለውን።

መስመሩን በማውስ ይዞ ሽቅብ መጎተት ነው አለኝ ክሳቬሪ፣
የላይኛው ታች፣ የታችኛው ላይ።
ለጨዋታው እንዲያ ነው።

ሊነጋ ሲል ከዝርዝሩ መሃል፣ «አዲስ ፎልደር 2» የሚል፣
ሠሪው ያልተጻፈ፣ መጠኑ ኢምንት፣ ያልበራ
አገኘሁ። ጣቴ እየፈራ
አበራሁት።
ከመትከያው ጥግ፣ አረንጓዴ፣ አንድ መቅዘፊያዋ የተሰነጠቀ፣
የአባታችን ጀልባ። በስተቀኟ እንኳ፣ እኛ ልጆቹ ያንጠባጠብነው ቀለም፣
ያኔ እንደደረቀ።

ይዤ ከግርጌ አወረድኳት፣ ከመቶ አርባ ሦስቱ ሁሉ በታች፣ ማንም እንዳይሸፍናት።
ልቀዝፋት ስገባ፣ ባርኔጣ ያጠለቀች ድመት ቀድማኝ ተቀምጣባት
አየሁ።
እሷን አላወረድኳትም።